ለአንዲት የጎንደር ነርስ ምስጋና፣ ማጨስ ማቆም ለሚፈልጉ ወጣቶችም ጥቆማ

ስማቸው እንዳይጻፍ አደራ ስላሉኝ «ሲስተር» እያልሁ ብቻ እጠራቸዋለሁ። እዚሁ ጎንደር ነርስ ሲሆኑ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ፣ ምንም ክፍያ ሳይጠይቁ፣ ማጨስ ለማቆም የቆረጡ ወጣቶችን በቴሌግራም እየሰበሰቡ ይረዳሉ። እኔ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ሰባት ዓመት ያጨስሁትን ሲጋራ የተውሁት በእርሳቸው እርዳታ ነውና ይህ ምስጋና የቆየ ዕዳዬ ነው።

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ቀኑን በሥራ አሳልፈውና ማታ ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀርብ ሃራራው ይነሣብኛል፤ በዚያ ሰዓት የሚያማክረኝ ሐኪም ቀርቶ ነገሩ የሚገባው ሰው እንኳ አጠገቤ አልነበረም። ስልኬ ግን ሁልጊዜ እጄ ላይ ነበር፤ ሲስተር የያዙትም ይህንኑ ነው።

አሠራሩን የወሰዱት አሜሪካ ውስጥ በትዊተር ከተሞከረና በ2016 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት ነው። 160 አጫሾች ተሳትፈው ለሁሉም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ 20 ሰው በሚይዙ ቡድኖች ገብተው ለ100 ቀን ሲጻጻፉ ቆዩ። በክትትሉ ጊዜ ሁሉ እንዳቆሙ የተናገሩት በቡድን ከነበሩት 40 በመቶ፣ ከሌሎቹ 20 በመቶ ነበሩ። እኔ ልጣፉን በጠየቅሁባቸው ፋርማሲዎች ስላላገኘሁ የቀረኝ ቡድኑ ብቻ ነበር።

የእኛ ቡድን ኅዳር 5 ቀን ጀመረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲስተር አንድ ጥያቄ ይልካሉ፤ «ዛሬ ከሁሉ የምትፈሩት ሰዓት የትኛው ነው?» እንደሚለው ያለ፤ ሁሉም ሳይተኛ መመለስ አለበት። የሲጋራ ፎቶ መላክ ክልክል ነው፤ ማየቱ ብቻ ሃራራ ይቀሰቅሳልና። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደሚከፋ፣ አንዱ ሃራራ ግን በጥቂት ደቂቃ እንደሚያልፍ አስቀድመው ስላስረዱን፣ ሲነሣብን «መጣ»፣ ሲለቀን «ሄደ» ብለን እንጽፋለን። የመጀመሪያው ምሽት ከሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «መጣ» አልሁ፤ ከአዘዞ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ቆሎ ያዝ፣ ውጣና ተራመድ» አለኝ፤ ከሰባት ደቂቃ በኋላ «ሄደ» ብዬ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር ራሴም ሰዓቱን አላመንሁትም።

በ66ኛው ቀን ወደቅሁ። ዕለቱ ከተራ ነበር፤ ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሸኝተን ስንመለስ፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼ መሐል ቆሜ አንዱ የዘረጋልኝን ተቀበልሁ። ለቡድኑ ልደብቀው አስቤ እኩለ ሌሊት ላይ ለሲስተር ብቻቸውን ጻፍሁላቸው። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። እርሳቸው ግን «ስንት? የት? እጅህ ላይ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ አንድ እንደሆነ፣ እጄም ባዶ እንደነበር ስነግራቸው «ነገ ስትወጣ ውሃ ያዝ፤ ቁጥርህም 67 ነው፣ ወደ አንድ አትመለስም» አሉኝ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ።

እንከን የለባቸውም አልልም፤ የድምፅ መልእክታቸው አንዳንዴ ስብከት ያህል ይረዝማል። ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ቡድኑ ዝም ስለሚል ግን እያንዳንዳችንን በስልክ ከምንደዋወለው አንድ ጓደኛ ጋር አጣምረውናል። በቴሌግራም መድኃኒት አያዙም፤ የቆየ ሕመም ያለበትን ወደ ሐኪም ይልካሉ።

ቀጣዩ ቡድን ከመስቀል በኋላ ይጀምራል፤ ቦታው 20 ብቻ ስለሆነ መግባት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና አገናኘዋለሁ። ሲስተር አስቀድመው የሚጠይቁት ስም ሳይሆን ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሣ በስንት ደቂቃው የመጀመሪያዋን ሲጋራ እንደሚለኩስ ነውና መልሱን ይዞ ይምጣ።