የደሴው የፕሮስቴት ምርመራ፦ ፈጣን አገልግሎት፣ የጎደለ ምክር

የ68 ዓመት አባቴን ከኩታበር አምጥቼ ደሴ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የወሰድኳቸው «ሙሉ የወንዶች ምርመራ» የሚለውን ማስታወቂያ አይቼ ነበር። ንጽሕናው የሚያስመሰግን ነው፤ ደም የቀዳችው ልጅ ጋቢያቸውን ከክንዳቸው ላይ ቀስ ብላ ሰብስባ «አባባ፣ አይዞዎት» ስትላቸው ፊታቸው ፈታ አለ፤ ውጤቱም በዕለቱ ደረሰ።

ቅሬታዬ ከመርፌው በፊት መነገር ስለነበረበት ነገር ነው። በዚህ የደም ምርመራ የሚለካው ፒኤስኤ የሚባል ከፕሮስቴት ዕጢ የሚወጣ ፕሮቲን መጠን ካንሰር ሳይኖርም በዕጢው ተራ እብጠት ወይም በኢንፌክሽን ሊጨምር እንደሚችል፣ ከሚገኙት ካንሰሮችም ብዙዎቹ ቀስ ብለው የሚያድጉና ሰውየውን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይጎዱ እንደሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ግን ሽንት ያለመቆጣጠርና የወሲብ ችግር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ማንም አላስረዳንም። ምልክት የሌላቸውን ወንዶች በጅምላ መመርመር በሌላውም ዓለም አከራካሪ ነው፤ የአሜሪካው የበሽታ መከላከል ግብረ ኃይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ምርመራው እንዲቀር መክሮ፣ በ2018 ግን ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ደግሞ እንዳይደረግ ሐሳብ አቅርቧል።

ለእኛ የተሰጠን 6.2 የሚል የፒኤስኤ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ የተከበበበት ወረቀት ብቻ ነበር። አባቴ ያን ሌሊት ዓይናቸውን አልከደኑም። ሌላ ቦታ ያገኘናቸው ሐኪም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አግኝተው ካከሙ በኋላ፣ ከሳምንታት ቆይታ በኋላ ምርመራው ሲደገም ቁጥሩ ወደ 3.1 ወረደ።

ምርመራው ይቅር አልልም፤ በተለይ አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር የተያዘበት ሰው ሐኪም ማማከሩን ሊያዘገይ አይገባም። ክሊኒኩ ግን ከክፍያው በፊት የአሥር ደቂቃ ምክር እስኪጨምር ድረስ ለዚህ አገልግሎት ሰው አልልክበትም።