ካርዱ ላይ የትኛው ስልክ ይጻፍ? 011፣ ሞባይል፣ አጭር ቁጥር ወይስ ነፃ መስመር

ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር አካባቢ ቢሮ ከፍታችሁ የቢዝነስ ካርድ ልታሳትሙ ነው እንበል። የስልክ ቁጥር ምርጫው አራት ነው። ብዙ ሰው የሚያምረውን ቁጥር ይፈልጋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ደንበኛው መስመር ላይ ሙዚቃ እየሰማ ሲጠብቅ የሚቆጥረው በማን ላይ ነው?

011 መደበኛ ስልክ አሁንም ክብር አለው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ከ011 ቀጥሎ ያለው አሃዝ ሰፈሩን ይናገራል። 0111 ሲያይ አራዳን፣ 0115 ሲያይ ፍልውሃ አካባቢን፣ 0116 ሲያይ ቦሌን የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ከውጭ አገርም በ+251 11 ይደወላል። ችግሩ ቁጥሩ ከቦታ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳ ነጋዴ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሰፈር ስትቀይሩ ቁጥሩ ላይከተላችሁ ይችላል።

ሞባይል የትም ይከተላችኋል፣ ለጀማሪም ይበቃል። ሲሙን ግን በሠራተኛ ስም እንዳታወጡ። ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኞቻችሁን ይዞ ይሄዳል።

ዋናው ጉዳይ አጭር ቁጥር ላይ ነው። የታክሲ አገልግሎቱ ራይድ 8294ን እንዴት ከተማው አፍ ላይ እንዳስገባው አይተናል። አንድ ቁጥር፣ ብዙ ተቀባይ፣ ከሰፈር ጋር ግንኙነት የለውም። ለዴሊቨሪና ብዙ ሰው ለሚደውልበት ክሊኒክ የሚያክለው የለም። ግን አራቱን አሃዝ አይቶ ዋጋውን ማወቅ አይቻልም። በኮሮና ጊዜ 8335 ነፃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በ8 የሚጀምር ሁሉ ነፃ የሚመስለው ሰው አለ። የሞላው የስልክ ሂሳብ ሳያስበው ሲያልቅ የሚረግመው እናንተን ነው። ሌላም አለ፦ ዲያስፖራ ደንበኛ አጭር ቁጥርን ከውጭ ቢሞክር አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም።

እንግሊዞች ይህን ግራ መጋባት በደንብ ለማጥራት ሞክረዋል። ተቆጣጣሪያቸው ኦፍኮም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከቦታ ጋር ያልታሰሩ የ084፣ የ087 እና የ09 ቁጥሮችን ዋጋ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ደዋዩ ለራሱ ኔትወርክ የሚከፍለው ነው። ሌላው ለተደወለለት አገልግሎት የሚከፈለው ሲሆን፣ ድርጅቱ ቁጥሩን ባስተዋወቀበት ሁሉ ይህን ዋጋ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ጣሪያም ተበጅቶለታል፦ ለ084 በደቂቃ 7 ፔንስ፣ ለ087 ደግሞ 13 ፔንስ። 080 ከሞባይልም ነፃ ሆነ። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው የመጀመሪያዎቹን አሃዞች አይቶ ነፃ ይሁን የሚያስከፍል መገመት ይችላል። በእኛ አገር የቁጥር አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። እናንተ ግን የማንንም መመሪያ ሳትጠብቁ ከቁጥሩ ሥር «በደቂቃ ይህን ያህል» ወይም «ነፃ» ብላችሁ ማሳተም ትችላላችሁ። አንድ መስመር ቀለም ነው።

ነፃ መስመር ደዋዩን ያስደስተዋል፣ ሂሳቡ ግን ወደ እናንተ ይመጣል። የተሳሳተውም፣ ልጅ እየተጫወተ የደወለውም ይቆጠራል። ለቅሬታ መቀበያ እሰየው ነው። ለሱቅ አልመክርም።

ትንሽ ሱቅ ካላችሁ በድርጅቱ ስም የወጣ ሞባይል ይበቃችኋል። ከውጭ ጋር የምትሠሩ ከሆነ 011 ጨምሩበት። ስልክ የሚያነሱ ሦስት አራት ሠራተኞች ካሏችሁ ወደ አጭር ቁጥር ሂዱ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወርኃዊ ክፍያው ስንት እንደሆነና ደዋዩ ወረፋ ሲጠብቅም ይቆጥርበት እንደሆነ ጠይቁ። ካርዱ ከመታተሙ በፊት ደግሞ አንዴ ከ09፣ አንዴ ከ07 ደውላችሁ ከሁለቱም መግባቱን አረጋግጡ።