የሻስፖ ሳንጃ ወይስ የውጅግራ ሳንጃ? ለጀማሪ ሰብሳቢ የቀረበ ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ ጥንታዊ ሳንጃ መሰብሰብ የጀመሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ከሁለቱ የፈረንሳይ ረጃጅም ሳንጃዎች የትኛውን አስቀድመው ቢገዙ እንደሚሻል ነው። አንደኛው የ1866ቱ የሻስፖ ጠመንጃ ሳንጃ ሲሆን ሁለተኛው የ1874ቱ የግራ ጠመንጃ ሳንጃ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሁለተኛውን ጠመንጃ አባቶቻችን ውጅግራ ይሉት ነበር፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በአማርኛ አንደበት ተለውጦ የመጣ ነው።

በመልክ ረገድ ሻስፖን የሚስተካከለው የለም። 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ምላጩ ያታጋን እንደሚባለው የቱርክ ጎራዴ ጎበጥ ብሎ ወርዶ ወደ ጫፉ ተመልሶ ቀና ይላል፤ እጀታውም ከዳር እስከ ዳር ናስ ሆኖ ከመዳፍ እንዳያመልጥ በአግድም የተሸነተረ ነው። የውጅግራው ምላጭ በአንጻሩ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀጥ ያለና ቀጭን ሲሆን፣ ጀርባው ስለሚወፍር ከጫፉ በኩል ሲያዩት የላቲኑን ቲ ፊደል ይመስላል። እጀታው በእንጨት የተለበጠ ነው፤ ናስ የሆነው የእጀታው ራስ፣ ማለትም ጫፉ፣ ብቻ ነው።

እንዲህም ሆኖ ለመጀመሪያ ግዢ የምመክረው ውጅግራውን ነው። ሙሉ ናስ የሆነ እጀታ ባለቤቱን ለመወልወል ይገፋፋዋል። አንድ አረጋዊ ፒያሳ አካባቢ ያሳዩኝ ሻስፖ እንደ አዲስ ጽዋ ያበራ ነበር፤ ነገር ግን ሽንትሮቹ ተልገው ለስልሰዋል፣ ምላጩም በብርጭቆ ወረቀት ስለተፈገፈገ በጀርባው ላይ በእጅ ጽሕፈት ቅርጽ የተቀረጸው የፋብሪካ ስም፣ ወርና ዓመት ጨርሶ ጠፍቷል። ሳንጃው ከፈረንሳይ ከተሞች በሴንት ኤትየን ወይም በሻቴልሮ መሠራቱን፣ መቼ መሠራቱንም የሚናገረው ያ ጽሑፍ ስለነበር፣ በእውነት አዘንኩ። ውጅግራውም ተመሳሳይ ጽሑፍ በጀርባው አለው፤ ደካማ ጎኑ እንጨቱ መሰንጠቁና አንዳንዴም በሌላ እንጨት መተካቱ ስለሆነ፣ ገዥው የእንጨቱን ቀለምና የማያያዣ ምስማሮቹን አተኩሮ ይመልከት።

በሁለቱም ላይ መፈተሽ ያለበት፣ አፈሙዙ የሚገባበትን ቀለበት በያዘው ብረት ላይ የተመታው ቁጥር በአፎቱ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ ነው። ሻጩ «የዓድዋ ነው» ቢል፣ ውጅግራ በዓድዋ በኢትዮጵያውያን እጅ መዋጋቱ እውነት ቢሆንም፣ ያ ልዩ ሳንጃ እዚያ ስለመዋሉ ማስረጃ ካልቀረበ ለወሬው ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልም። አፎቶቹ ብረት በመሆናቸው በክረምት እርጥበት ይቋጥራሉና፣ ሳንጃው ስስ ዘይት ተቀብቶ ከአፎቱ ውጭ ቢቀመጥ ይበጃል።

የጀርባው ጽሑፍ የሚነበብ፣ ቁጥሩ የገጠመና ናሱ ሳይነካ የጠቆረ ሻስፖ ከተገኘ ግን ምክሬን ለውጬ አስቀድመው እርሱን ይግዙ እላለሁ።