የድሮ መኪና ኤሲ፦ ጋዙን ብቻ ላስሞላ ወይስ በደንብ ላስቀይረው?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በየተራ ደውለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። "የኔ ኤሲ የድሮው ጋዝ ነው፤ አሁን ያለውን ዝም ብዬ ባስሞላበትስ?" ሙቀቱ ሲጀምር ድሬ ላይ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ከከዚራ ሳቢያን ለመድረስ ሸሚዝ የሚቀየርበት ወቅት ነው። መልሱን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ዝም ብላችሁ አታስሞሉ። እኔ አስሞልቼ 34,900 ብር ወጥቶብኛል።

መጀመሪያ መኪናችሁ የቱን እንደሚጠቀም እዩ። የጋዝ መሙያው አፍ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ከሆነ የድሮው አር-12 ነው። ተጭነውት ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ አዲሱ አር-134ኤ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1992 በፊት የተሠሩት ሁሉም ማለት ይቻላል አር-12 ናቸው፤ ከዚያ እስከ 1994 ያሉት ደግሞ ድብልቅልቅ ያሉ ናቸው። አር-12 ኦዞንን ስለሚጎዳ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ቀርቷል፤ እንደኛ ባሉ አገሮችም በ2010 አበቃ። ዛሬ "ኦሪጅናሉ አለኝ" የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

የኔ መኪና በፈረንጅ የ1990 ኮሮላ ናት። ያስሞላሁበት ሰውዬ "አቦ ተወው! ጋዝ ጋዝ ነው" አለኝ። አፉ ላይ አስማሚ ገጠመ፣ አር-134ኤ ሞላ፣ 4,000 ብር ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት በረዶ ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ ርካሽ ቦታ አገኘሁ ብዬ አውርቻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በሁለተኛው ወር ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ኮምፕረሰር መጮህ ጀመረ። ከዚያ ቀጥ አለ፤ ችንጋው ጎማ ጎማ ሸተተ።

ነገሩ የዘይት ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር እየዞረ ነው የሚመለሰው። የድሮው ማዕድን ዘይት ከአር-12 ጋር ይዋሃዳል፤ ከአር-134ኤ ጋር ግን አይዋሃድም። ስለዚህ ሙቀቱን ወደ ውጭ በሚያስወጣው ኮንደንሰርና አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ደረቁን ይፈጫል። የኔ ሲፈታ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ያገለገለ ኮምፕረሰር 18,000 ብር ገዛሁ።

ከዚያ ሥራው በደንብ ተሠራ። ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው፦ ድራየር 2,500፣ ከአዲሱ ጋዝ ጋር የሚዋሃደው ኤስተር ዘይት 1,800፣ ለአዲሱ ጋዝ የሚሆኑ አረንጓዴ ኦሪንጎች (የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበቶች) 600፣ ማጠብና ቫኪዩም (አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ መምጠጥ) ከነጉልበቱ 4,500፣ ጋዝ 3,500። ድምር 12,900። መጀመሪያውኑ ይህን ብከፍል 22,000 ብር ይተርፈኝ ነበር። ዋጋው እስክታነቡት ሊለወጥ ይችላል፤ ልዩነቱን ግን እዩት።

ከዚህ ላይ ምን ይቀነሳል? ድራየሩ አይቀነስም፤ እርጥበት የሚመጠው እሱ ነው፣ የድሮው ደግሞ ለአዲሱ ጋዝ አልተሠራም። ቱቦዎቹን ግን ካላፈሰሱ አትቀይሩ። ዓመታት ዘይት የጠጣ ቱቦ አዲሱንም ጋዝ ደህና ይይዛል። "ሁሉም ቱቦ ይቀየር" የሚል መካኒክ ቱቦ ሊሸጥላችሁ ነው። ዘይቱን ኤስተር አድርጉት፤ ፓግ የሚባለው ከድሮው ዘይት ቅሪት ጋር አይስማማም፣ እርጥበትም ቶሎ ይስባል። የተከፈተ ጠርሙስ በነፃም ቢሆን አትቀበሉ። ሲስተሙን በቤንዚን ልጠበው የሚልም አለ። ሂዱ ከዚያ ጋራዥ።

ቫኪዩም ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሂድ። የቫኪዩም ጌጁ መርፌ 26 ኢንች ገደማ ላይ ቆመ ብላችሁ ፓምፑን አትውቀሱ፤ መጽሐፉ 29 ወይም 30 የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ጌጁ ያን ያህል አያነብም፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ላይማ 24ም ላይደርስ ይችላል።

ጋዙ ደግሞ በሚዛን ይሞላ። ኮፈኑ ሥር የተጻፈው የአር-12 መጠን 800 ግራም ከሆነ፣ አር-134ኤ ከ640 እስከ 720 ነው። "ትንሽ ልጨምርልህ" ደግነት አይደለም። አዲሱ ጋዝ በእኛ ሙቀት ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሲበዛ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። እንዲያውም ለጭማሪው የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ኮንደንሰሩን አሳጥቡና ፋኑን አስጠግኑበት።

ስለ ፎርጅድ ሳልናገር አላልፍም። ሰማያዊው 13.6 ኪሎ ሲሊንደር ላይ 134ኤ ተጽፎ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሩ ጥላ ውስጥ ቆይቶ 30 ዲግሪ ላይ ሲለካ የውስጡ ግፊት 97 ፒኤስአይ አካባቢ መሆን አለበት። ወደ 158 ከተጠጋ አር-22 የሚባል ሌላ ጋዝ ነው። ይህ ልኬት ሁሉንም አይዝም፤ አር-40 የሚባለው መርዛማ ጋዝ ከሌላ ጋር ተደባልቆ ግፊቱን ማስመሰል ይቻላል። እሱ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ፈንጂ ነገር ይፈጥራል፤ በፈረንጅ 2011 የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች በዚሁ ፈንድተው ሰው ሞቷል። ስለዚህ ከገበያው በጣም የረከሰ ሲሊንደር ሳይ እጄን እሰበስባለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ፕሮፔንና አይሶቡቴን የተደባለቀበት ጋዝ ነው። ልዋሽ አልችልም፣ በደንብ ያቀዘቅዛል። የድሮውን ዘይትም አያስቀይርም፤ በክብደት የሚፈልገውም ከአር-12 ሲሶ ያህሉን ነው። በብር ካሰባችሁት አሸናፊው እሱ ነው። ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ያለው ደግሞ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ልጆቼ ፊት። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድም አለኝ። አላደርገውም። የወጥ ቤት ሲሊንደር ይዞ የመጣውንማ ጨርሶ አታስጠጉት።

ሐረር ያለው ጓደኛዬ ፔጆ 404 ነው የሚነዳው፤ ኤሲ ላስገጥምባት እያለ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ እኮ አየሩ ራሱ ይለወጣል። መስኮቱን ክፈት አልኩት። ድሬ ሲወርድስ? ያኔ በኔ መኪና እንሄዳለን።

እዚህ ያላችሁት ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቫኪዩም ፓምፕ አለህ? ሚዛንስ? ሰውዬው ከሳቀ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።