«ለውጭ የተዘጋጀ» የሚባል ባልትና ከመግዛታችሁ በፊት

ይህ ጽሑፍ ውጭ አገር ላላችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንዲሁም እዚህ ሆናችሁ ስንቅ ለምትልኩ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ነው። «ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፤ በእናት እጅ የተዘጋጀ፣ ለውጭ የታሸገ» እየተባለ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ባንድ ላይ በቴሌግራም ይሸጣል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ ድስት ላይ ሲወጣ ጉዱ ቢታወቅ፣ ገንዘብ የሚመልስም ስልክ የሚያነሣም አይገኝም። ምክራችን አጭር ነው፦ የተፈጨ ነገር አትግዙ። ዛላውን፣ ክኩንና ለጋውን ቅቤ ግዙ፤ ማዘጋጀቱ የምታምኑት ዘመድ በቆመበት ይሁን።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ዛላ በርበሬ ሲቀነጠስ ግንጣዩ፣ ነጩና የሻገተው ስለሚወጣ ከኪሎው በግልጽ ይጎድላል። በዚያ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ የወፍጮና የሠራተኛ ዋጋ ይጨመራል። ኮረሪማ ብቻውን ኪሱን የሚጎዳ ቅመም ነው። ስለዚህ የተዘጋጀ በርበሬ ከዛላው ዋጋ እኩል ወይም በታች ከተባለ፣ ያ ሰው በኪሳራ እየሸጠ አይደለም፤ ሌላ ነገር ጨምሯል ማለት ነው። የዕለቱን የዛላ ዋጋ ለማወቅ ገበያ የወጣ ዘመድ መጠየቅ ይበቃል።

የሚጨመረው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚቀናቸው ጨው ነው፤ ርካሽና ከባድ ስለሆነ ሚዛን ያነሣል። ለ5 ኪሎ ዛላ ግማሽ ኪሎ ጨው ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው የእናንተ ገንዘብ ነው። ትንሽ ቆንጥራችሁ ምላስ ላይ ስታደርጉ ከማቃጠሉ በፊት ጨውነቱ ከመጣ ተጠራጠሩ። ሌላው ፍሬው ብቻ ለብቻ ተፈጭቶ መግባቱ ነው፤ ዱቄቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ያን ለመሸፈንም ቀለም ይከተላል። የሸክላ ጡብ ዱቄትና አሸዋ ደግሞ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻሉ፤ በብርጭቆ ውኃ ላይ ሲበተንም ከበርበሬው ቀድመው ወደ ታች ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እናንሣ። «በርበሬውን ውኃ ላይ በትኑት፤ ቀይ ካልፈሰሰ ንጹሕ ነው» ይባላል። ይህ የሚያጋልጠው በውኃ የሚሟሟ ቀለምን ብቻ ነው። ለምግብ የተከለከለው ሱዳን የሚባለው ቀለም ግን በዘይት እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ ስለዚህ በብርጭቆው ፈተና አይታይም። ዘይት ላይ መሞከርም አያዋጣም፤ ንጹሕ በርበሬም ዘይትን ያቀላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር በመቶ የሚቆጠሩ የታሸጉ ምግቦች ከሱቅ የተነሡት ይኸው ቀለም ያለበት የበርበሬ ዱቄት ገብቶባቸው ነበር። እርግጡን የሚነግር ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ዛላውን በዓይናችሁ አይታችሁ ካስፈጫችሁ ግን ጥያቄው ከመነሻው አይነሣም።

ዛላ ስትገዙ ከከረጢቱ አፍ ላይ ባለው አትፍረዱ። ግማሹን ጆንያ ላይ አስገልብጡና ከታች የነበረውን እዩ። ደረቅ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፣ ሲያጥፉት ይሰበራል። እንደ ቆዳ ታጥፎ የሚመለስ ከሆነ አልደረቀም፤ ወይም ሚዛን እንዲያነሣና እንዲያብረቀርቅ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ከየአቅጣጫው አምስት ስድስት አንሥታችሁ ቅደዱ፤ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለ ውጩ ምንም ቢያምር ተዉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ እንዲኖር አይፈቅድም። ማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ ማንተክተክ ይህን መርዝ አያጠፋውም።

ወቅቱንም ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በክረምት ደመናና ጉም ስለሚበዛ ተደልዞ የተሰጣ በርበሬ በቀላሉ አይደርቅም፣ ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ፀሐያማ ጊዜ ነው። ያኔም ማታ ማታ ወደ ቤት ካልገባ ጤዛውና ውርጩ መልሶ ያረጥበዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ቶሎ ያደርቃል፤ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ማስጣቱን እዚያ ቢጨርስ ጥሩ ነው። በነሐሴ «ትናንት የተዘጋጀ» የሚላችሁን ሻጭ የት እንዳደረቀው ጠይቁት።

ወፍጮ ቤት አደራ ብሎ ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ከረጢት የሚለወጠው እዚያ ነው፣ ከፊታችሁ የተፈጨው እህል ቅሪትም ከእናንተው ጋር ይወጣል። ደግሞ ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ትኩስ ነው። በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ከታሸገ ያልበዋል፤ ያ ላብ በመንገድ ላይ ጓል ያደርገውና ያሻግተዋል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ አንድ ሌሊት ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ወፍራም ላስቲክ በሁለት ድርብ ይታሸግ። ለገበያ የሚቸኩል ሻጭ ይህን ሌሊት አይጠብቅም።

ሽሮ ላይ ብዙ አንቆይም። በደጋው ሰሜን ሸዋ የሽሮ እህል ባቄላና አተር ነው፤ ሽምብራም ይገባል። ርካሹ ማብዣ ጓያና የስንዴ ዱቄት ነው። ጓያ ለወራት የዕለት ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ስንዴ ደግሞ ግሉተን ለማይስማማው ሰው አደጋ ነው። ዱቄት የገባበት ሽሮ ድስት ላይ እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ምጥን ሽሮ ቀለሙ ሁሉን ስለሚደብቅ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ክኩን ግዙ፤ መታመሱም መፈጨቱም በቤት ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ግን ቅቤው ላይ ነው። ጥቅሉን የሚሸጡት ሰዎች አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ቅቤና ቋንጣ ጨምረው ሒሳብ ይቀበላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር በተጓዥ ሻንጣም ሆነ በፖስታ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም፤ እንግሊዝም እንደዚሁ። የተነጠረም ቢሆን ቅቤ ቅቤ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ እሱ ግን «ልኬያለሁ» ብሎ ጨርሷል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። አሜሪካና አውስትራሊያ የሚገባ ሰው የያዘውን ምግብ ሁሉ ማስመዝገብ አለበት፤ መደበቅ ያስቀጣል።

እዚሁ ለቤት ለምትገዙም፦ ቅቤ ላይ ሙዝ፣ ድንችና ዱቄት ይደባለቃል፤ የዘንባባ ዘይት ቅባትም ይገባል። ለቁስል የሚሸጠውን አዮዲን አንድ ጠብታ ጣል ስታደርጉ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ዱቄት ወይም ድንች አለበት። ቅባቱን በዚህ አታገኙትም፤ መዳፋችሁ ላይ ትንሽ አሹ፤ እውነተኛ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፣ ቅባቱ ግን እንደ ሰም ሊቆይ ይችላል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውኃ ስላለ አንድ ኪሎው ሲነጠር 800 ግራም አካባቢ ቢደርስ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ እጅግ ቢያንስ የውኃ ዋጋ ከፍላችኋል።

ውጭ ያላችሁ ቅቤውን እዚያው ግዙ። ጨው የሌለበት ማንኛውም የላም ቅቤ ይሆናል። ከዚህ የሚላክላችሁ ቅመሙ ይሁን፦ ኮረሪማ ከነልጣጩ፣ ደረቅ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ያልተፈጨ አብሽ። ለ1 ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድቁስ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ከኮሰረቱ ጭብጥ የማይሞላ፣ ሁለት ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት እርድ አግቡ፤ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ከሥር የቀረው አተላ እንዳይገለበጥ። ኮረሪማ ተብሎ ሄል የሚሸጥበት ሱቅ ብዙ ነው፤ ሄል ትንሽና አረንጓዴ ነው፣ ኮረሪማ ትልቅና ቡናማ። ከነልጣጩ ግዙ የምንለው ለዚህም ነው፤ ከተፈጨ መለየት አይቻልም።

«የምንጃር ማኛ ጤፍ» የሚል ጽሑፍ ውጭ አገር ሱቅ ስታዩም እርጋታ አይለያችሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ ነበር፤ ውጭ ከሚሸጠው ብዙው በአሜሪካ አይዳሆና በሌሎች አገሮች የበቀለ ነው። እሱም ጤፍ ነው፣ እንጀራም ይወጣዋል። ለምንጃር ስም ተጨማሪ ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የበቀለበት አገር የት እንደተጻፈ ፈልጉ።

የሚልክላችሁ ዘመድ ከሌለና ከሻጭ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ሙሉውን አትክፈሉ። ዛላው ሳይፈጭ ሚዛን ላይ ሆኖ ተቀድዶ በቪዲዮ ያሳይ፤ የተፈጨበት ቀንና የእያንዳንዱ ክብደት በየላስቲኩ ላይ ይጻፍ፤ ቀሪው ሒሳብ ዕቃው እጃችሁ ገብቶ ከተመዘነ በኋላ ይሁን። ይህን እምቢ ከሚል ሻጭ ጋር አትዋዋሉ።

ተልኮ እጃችሁ የገባው በርበሬ ጓል ከሠራ፣ የሻጋታ ሽታ ካለው ወይም እንደ ድር ያለ ነገር ከታየበት ነፍታችሁ ወይም ደግማችሁ አምሳችሁ ለመጠቀም አትሞክሩ። ጣሉት፤ ከዚያው ጥቅል ለጎረቤት ያካፈላችሁትም ካለ ደውላችሁ ንገሩ።