የዓለም ባንክ ኢንስፔክሽን ፓነል፦ በልማት ስም ለተጎዳ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል?

በመንገድ፣ በግድብ ወይም በማዕድን ፕሮጀክት ምክንያት ከመሬቱ የተነሳ ሰው የገዛ መንግሥቱን መክሰስ ወይም አቤት ማለት ይችል ይሆናል፤ ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ያበደረውን ዓለም አቀፍ ተቋም የሚጠይቅበት መንገድ ግን ለብዙ ዓመታት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቋቋመው የዓለም ባንክ ኢንስፔክሽን ፓነል ይህን መንገድ የከፈተ የመጀመሪያው አካል ነው። ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ልማት ግንኙነት ብዙ መግለጫ ወጥቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1986 ልማትን ራሱን የማይገሠሥ ሰብዓዊ መብት አድርጎ አውጇል። እኔ ግን አንድ የልማት ተቋም ለመብት የሚሰጠውን ቦታ በመግለጫው ሳይሆን የተጎዳን ሰው አቤቱታ በሚቀበልበት አሠራር መመዘን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም ፓነሉን የምገመግመው እንደ አንድ አገልግሎት፣ ከተገልጋዩ ወገን ሆኜ ነው።

አገልግሎቱ ከባንኩ በጎ ፈቃድ ብቻ የመነጨ አይደለም። በሕንድ ናርማዳ ወንዝ ላይ የተገነባው የሳርዳር ሳሮቫር ግድብ የሚያፈናቅላቸው ሰዎች ያሰሙት ተቃውሞ ባንኩ ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን እንዲሰይም አስገደደው፤ በብራድፎርድ ሞርስ የተመራው ኮሚሽንም በ1992 ባወጣው ሪፖርት ባንኩ የራሱን የተፈናቃዮች መልሶ ማቋቋሚያና የአካባቢ ጥበቃ መመሪያዎች እንዳላከበረ አረጋገጠ። ፓነሉ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

አቤቱታ ለማቅረብ የሚጠየቀው ነገር ቀላል ነው፤ ይህ የአገልግሎቱ ትልቁ ብርታት ይመስለኛል። ጉዳት የደረሰባቸው ወይም ይደርስብናል ብለው የሚሰጉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በሚያውቁት ቋንቋ ደብዳቤ ጽፈው መላክ ይችላሉ። ክፍያ የለም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በደብዳቤው ውስጥ ፕሮጀክቱ የትኛው እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ ከባንኩ ሠራተኞች ጋር በጉዳዩ ላይ ምን ንግግር እንደተደረገና መልሱ ለምን እንዳላረካ መግለጽ በቂ ነው፤ የመመሪያ ቁጥር እየጠቀሱ መከራከር አያስፈልግም። የአመልካቾች ስም በምስጢር እንዲያዝ መጠየቅ መቻሉም መንግሥትን መተቸት አደጋ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው። አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ፦ ከአገር ውጭ የሚገኝ ድርጅት አመልካቾችን መወከል የሚችለው በአገር ውስጥ ተገቢ ወኪል ሲታጣ ብቻ ነው፤ ወኪል ለመሆን የሚደፍር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ጭቆናው በጠነከረበት ቦታ ነው።

ፓነሉ በትክክል ሲሠራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከኡጋንዳው የካምዌንጌ – ፎርት ፖርታል መንገድ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። የአካባቢው ነዋሪዎች ያቀረቡት አቤቱታ ስለ አቧራና ስለ ካሳ ብቻ አልነበረም፤ የመንገድ ሥራው ያመጣቸው ሠራተኞች ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶችን እንደሚደፍሩና እንደሚያስረግዙም ተናግረዋል። በወረቀት ላይ ፕሮጀክቱ የትራንስፖርት ልማት ነበር፤ በመንደሩ ግን ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅና የሚያሳድገው ያጣ ሕፃን ነበሩ። ባንኩ በ2015 መጨረሻ ለፕሮጀክቱ የሰጠውን ገንዘብ ሰረዘ፤ የፓነሉ ምርመራም በቁጥጥሩ ላይ ከባድ ጉድለቶች መኖራቸውን አረጋገጠ። ከዚህ በመነሳት በ2016 ስለ ጾታዊ ጥቃት የሚመክር ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ተሰየመ፤ ዛሬ ሠራተኛ ከሌላ ቦታ የሚያመጣ ግንባታ ሲታቀድ የጾታዊ ጥቃት ሥጋት አስቀድሞ የሚገመገመው በአብዛኛው በዚያ መንደር ሰዎች ደብዳቤ ምክንያት ነው።

ዋናው ድክመት መለኪያው ላይ ነው። ፓነሉ የሚመረምረው ባንኩ የራሱን መመሪያዎች ማክበሩን እንጂ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ስምምነቶች መከበራቸውን አይደለም። ባንኩ መመሥረቻ ስምምነቱ በአባል አገሮች ፖለቲካ ጣልቃ እንዳይገባ እንደሚከለክለው እየጠቀሰ ከመብት ቋንቋ ርቆ ኖሯል፤ በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የከፋ ድህነትና የሰብዓዊ መብት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ፊሊፕ አልስተን ባንኩን በአብዛኛው ሰብዓዊ መብት የማይደርስበት ቀጣና ነው ሲሉ የነቀፉት ለዚህ ነው። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የባንኩ የአካባቢና የማኅበራዊ ማዕቀፍ (ገንዘብ ለሚሰጣቸው ፕሮጀክቶች ያወጣው ደንብ) ሰብዓዊ መብትን በራዕይ መግለጫው ላይ ቢያነሳም፣ ግዴታ በሚጥሉት ክፍሎቹ ውስጥ ስምምነቶቹን መለኪያ አላደረጋቸውም። አንድ ገበሬ ያለ ፈቃዱ ከመሬቱ ሲነሳ ጉዳዩ እንደ መብት ጥሰት ሳይሆን እንደ አሠራር ጉድለት ይመዘገባል፤ ይህ ልዩነት ለተበዳዩ ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም የአሠራር ጉድለት የሚስተካከለው በዕቅድ ሲሆን የመብት ጥሰት ግን ካሳ የሚጠይቅ ነው።

ካሳ ደግሞ ፓነሉ ሊያዝዝ የማይችለው ነገር ነው። ሦስቱ አባላት ነጻነታቸው በሚገባ የተጠበቀ ነው፦ የሚሾሙት ለማይታደስ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በባንኩ ዳግም መቀጠር አይችሉም። ሪፖርታቸው ግን ለሥራ አስፈጻሚ ዳይሬክተሮች ቦርድ ይቀርባል፤ የማስተካከያ ዕቅዱን የሚያወጣው ጥፋተኛ የተባለው የባንኩ ማኔጅመንት ራሱ ነው። ይህን መቀበል ይከብደኛል። በ2020 የተጨመረው የሽምግልና አገልግሎት ክፍተቱን በከፊል ሊሞላ ይችላል፤ ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ተበዳሪው መንግሥትና አመልካቾቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ካሳና ስለ ማቋቋሚያ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ንግግሩ በሚካሄድበት ጊዜ ግን ምርመራው ይቆማል፤ መሬት ያጣ ቤተሰብና አንድ መንግሥት በእኩል አቅም ይደራደራሉ ብሎ ማሰብም ያስቸግራል።

ፍርድ ቤት የተሻለ መንገድ ነው የሚል ሰው የሕንድ ጉጃራት ዓሣ አጥማጆችን ጉዳይ ይመልከት። እነርሱ የተጎዱት በባንኩ የግል ዘርፍ ክንፍ በዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በተደገፈ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ነው፤ ኮርፖሬሽኑንም አሜሪካ ውስጥ ከሰሱት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2019 ኮርፖሬሽኑ ፍጹም ያለመከሰስ መብት እንደሌለው በ7 ለ1 ድምፅ ቢወስንም፣ የበታች ፍርድ ቤቶች በኋላ ክሱን ውድቅ አድርገውታል። ስለዚህ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ባንኩ ለመንግሥት ባበደረው ገንዘብ ለሚጎዱ ሰዎች ፓነሉን እመክራለሁ።

ለመጠቀም የሚያስቡ ሰዎች ጊዜውን አጥብቀው ይያዙ። ቀድሞ አቤቱታ ተቀባይነት የነበረው ብድሩ ከመዘጋቱና 95 በመቶው ለተበዳሪው ከመለቀቁ በፊት ብቻ ነበር፤ በ2020 በተደረገው ማሻሻያ ብድሩ ከተዘጋ በኋላ እስከ 15 ወር እንዲራዘም ተወስኗል። ባንኩ ላይ ጫና ማሳደር የሚቻለው ግን ገንዘቡ ገና በእጁ ሳለ ነው። በመሆኑም የመሬት ልኬት ሲጀመር ወይም የመጀመሪያው የካሳ ስብሰባ ሲጠራ ቀን፣ ቦታና የተባለውን ነገር መዝግቦ መያዝ፣ ለባንኩ የአገር ውስጥ ቢሮ በጽሑፍ ማመልከትና የደረሰኙን ቅጂ ማስቀመጥ ከአቤቱታው ደብዳቤ በፊት መሠራት ያለባቸው ሥራዎች ናቸው።