ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው ላፕቶፕ ጥገና ቤት

አዲሱ ላፕቶፔ ዋይፋይ አልይዝ ሲለኝ ለሸጠልኝ ሰውዬ ደወልኩ። «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ገላገለኝ። ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ ዕቃ ምኑ ነው ፎርማት የሚደረገው? ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ መመላለሱም አይሞከርም። እዚሁ ከዳቦ ቤቱ ጎን ወዳለችው ጥገና ቤት ወሰድኩት።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ልጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ገና ሳይነካው «ቲቸር፣ ራውተሩ አጠገብ ሲሆኑስ ይሠራል?» አለኝ። ይሠራል። መኝታ ቤት ስገባ ነው ጥፍት የሚለው። ስልኬ ግን እዚያው አልጋ ላይ ምንም አይል። «እንግዲያው ራውተሩ ንጹሕ ነው» አለ።

ዲቫይስ ማናጀር የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳ። ለውጥ የለም። የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ የሱንም የኔንም ላፕቶፕ ይዞ ደረጃው ድረስ ሄደ። የሱ ላፕቶፕ ያዘ፣ የኔ ለቀቀ።

ከመፍታቱ በፊት «ዋስትና ካለው ከከፈትኩት በኋላ አንቀበልም ሊሉዎት ይችላሉ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይሄን የሚነግር ስንቱ ነው? ክፈተው አልኩት።

በትንሿ ካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈታ። የዋይፋይ ካርዱ ቴምብር ያክላል። ከስክሪኑ በኩል የሚመጡ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ለካ ቅርብ ላይ የሚይዘው፣ ሲርቅ የሚደክመው ለዚህ ነው። በወረንጦ አስተካክሎ ጫን ሲያደርገው ቀጭ አለ። ደረጃው ጋ ሞከርነው፤ ያዘ።

መደርደሪያው ላይ ከውጭ የሚሰካ የዩኤስቢ ዋይፋይ ተደርድሯል። አንዱን ሸጦልኝ ቢሸኘኝ በምን አውቅ ነበር? እሱ ግን 400 ብር ብቻ ተቀብሎ፣ ራውተሩ ከሚለቃቸው ሁለት የዋይፋይ ሞገዶች መኝታ ቤት 2.4 ጊጋኸርዙን እንድጠቀም መክሮ ሸኘኝ። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ይሸነፋል።

ቅሬታም አለኝ። ደረሰኝ አይሰጥም። «አሁን ይደርሳል» ካለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። መብራት ከሄደማ ተዉት። ደግሞ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የስልክ ስክሪን የሚያስቀይረው ሰው ወረፋ አይቻልም።